የሚዛን እጅ

ወንድሜን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። እኔ ታናሽ እህቱ ስለሆንኩ «ጋሼ» እለዋለሁ። ጋራዡ፣ ሰፈሩ፣ በቅጡ አፋቸውን ያልፈቱ ሕፃናት ሳይቀሩ ግን «ሚዛን» ነው የሚሉት። እናታችን በሕይወት ብትኖር እሷም ያወጣችለትን ስም ትታ ሚዛን ማለቷ አይቀርም ነበር።

ስሙን ያወጣለት ዛሬ የጋራዡ ባለቤት የሆነው ጓደኛው ነው። ያኔ ሁለቱም ጎረምሶች ነበሩ፤ አንድ ጋራዥ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ወንድሜ ብሎን ሲያጠብቅ ቁልፉን በሦስት ጣቱ ይይዛል፣ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ይተክላል፣ ይስብና «በቃው» ይላል። ጉራው ደግሞ አይጣል ነው። «እኔ በቃው ካልኩ በቃው ነው» እያለ ቢያስቸግራቸው ጓደኞቹ ሊያሳፍሩት ቶርክ ሬንች ተውሰው መጡ። ቶርክ ሬንች የብሎን ጥብቀት የሚለካ ረጅም ቁልፍ ነው፤ የተሞላለት ልክ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል። ወንድሜ ያጠበቃቸውን ብሎኖች አንድ በአንድ እየዞሩ ለኩ። አንዱም ንቅንቅ ሳይል ሁሉም ላይ ቀጭ አለ። «ይሄማ ሰው አይደለም፣ ሚዛን ነው» አለ የዛሬው ባለጋራዥ። ስሙ በዚያው ጸና፤ ጉራውም በዚያው ባሰበት።

እኔ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ሱቄና ጋራዡ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ግድግዳው ላይ ዕቃ የማቀብልባት መስኮት አለች። ፊልትሮ ሲሉኝ ፊልትሮ፣ ካንዴላ ሲሉኝ ካንዴላ በዚያች መስኮት እሰጣለሁ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ክርኔን ደገፍ አድርጌ ወንድሜን አያለሁ። ሌላው ሰው ቴሌቪዥን ያያል፣ እኔ ወንድሜን። ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ሲያወራ ግን አይቻልም።

ያ እጁ ቤትም ሥራ ነበረው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሴት ልጁና ከልጅ ልጁ ጋር ነው የሚኖረው። ልጁ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች፤ በጠዋት ነው የምትወጣው። የልጅ ልጁን «ድንቢጥ» ነው የምንላት፤ ትንሽ ናት፣ አፏ ግን አያርፍም። ቤታቸው ውስጥ ቴርሞሜትር ኖሮ አያውቅም። ልጅቷ ፊቷ ጠየም ሲል፣ ምግብ እምቢ ስትል፣ እናቷ «አባዬ፣ እስቲ ንካልኝ» ትለዋለች። እሱም መዳፉን ግንባሯ ላይ ያኖራል፣ ልክ እንደ ብሎኑ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ይተክላል፣ ከዚያ ወይ «ደህና ናት» ይላል ወይ «ሐኪም ቤት»። ከሁለቱ ሌላ ቃል የለውም። ተሳስቶም አያውቅም። የግቢው ሴቶች ሁሉ ልጆቻቸውን እያቀፉ እሱ ዘንድ ይመጡ ነበር። ድንቢጥ ራሷ ጨዋታ አድርጋው፣ ከሥራ ሲገባ እጁን ጎትታ ግንባሯ ላይ ትለጥፍና «አባባ፣ ደህና ነኝ?» ትለዋለች። «እንጃ» የሚባለውን ቃል ወንድሜ ከአፉ ሲያወጣው ሰምቼ አላውቅም። የማያውቀውን ነገር እንኳ ሲጠይቁት «ነገ እነግርሃለሁ» ነው የሚለው።

ከዚያ ስኳር ያዘው። ስኳር ብዙ ሰው ይዞታል፣ ይኖሩበታል ብለን ብዙም አልደነገጥንም። ሻዩን ያለ ስኳር እየጠጣ ፊቱን ያጨማድድብናል፣ እኛም እንስቃለን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እውነት ነው።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ገና አሁን የጠፋ መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ወንድሜ ሞተሩ ላይ ተደግፎ ስለ ኳስ ይከራከራል። ክርክሩ ጦፏል። መስኮቴ ጋ ሆኜ መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው። የተቃጠለ ጎማ መሰለኝ። ዞር ብዬ ሳይ እጁ የጭስ ማውጫው ብረት ላይ ነው፤ ሙሉ መዳፉ።

«ጋሼ! እጅህ!»

እጁን አነሳና አየው። ቆዳው ብረቱ ላይ ቀርቷል። አልጮኸም፣ አልተንፈራገጠም። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ያን አስተያየቱን እስከዛሬ አልረሳውም። ስላመመው አይደለም የደነገጠው፤ ስላላመመው ነው።

ሱቅ አስገብቼ እጁን እያሰርኩለት ጠየቅሁት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ጋሼ፣ እኔ ላይ አትቀልድ።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መጀመሪያ እግሬን ነበር» አለ። «አሁን ጣቶቼን። ጓንት አጥልቄ የምሠራ ነው የሚመስለኝ። ሐኪሙ ስኳሩ ነርቭህን ነክቶታል ብሎኛል።»

«ይመለሳል አለህ?»

«አይመለስም አለኝ።» ይሄን ሲናገር ፈገግ አለ፤ ያ ፈገግታው ከልቅሶ የባሰ ነበር። «ለሰው ብትናገሪ እህቴ አይደለሽም።»

«ለሰው አልናገርም። ላንተ ግን ጠዋትና ማታ እነግርሃለሁ፣ ቻለው።»

ቃሌን ጠበቅሁ። ጠዋት ሱቅ ስከፍት፣ ማታ ስዘጋ፣ ዕቃ ሳቀብል፣ በቶርክ ሬንች ሥራ አልኩት። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። «እኔን ሚዛን ብለው የጠሩኝ ሰዎች ፊት ሚዛን ይዤ ልቁም?» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወንድሜ ሞኝ አይደለም፤ ግን ያን እጁን ከለቀቀ ምን ይዞ እንደሚቀር አያውቅም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው፣ እሱ ያሰረው ሞተር ተመልሶ መጣ። ብሎኑ ላልቶ ዘይት ያንጠባጥባል። «የብሎኑ ጥራት ነው» አለ። ሌላ ደግሞ ተመለሰ፤ እዚህኛው ላይ ብሎኑ ከልክ በላይ ተስቦ ጥርሱ ተበልቷል። ጋራዡ ውስጥ ሹክሹክታ ተጀመረ። ሚዛን አረጀ አሉ። ስለ ጣቶቹ ማንም አላወቀም፤ ቃጠሎውንም አደጋ ነው ብለው አልፈውታል፤ እርጅና ነው ያሉት። እሱም እርጅና ቢባል ይሻለኛል ብሎ ዝም አለ።

በዚህ መሃል ነው የዳቦ ቤቱ መኪና ተጎትታ የመጣችው። ጠዋት ጠዋት ለሰፈሩ ሱቆች ዳቦ የምታዳርሰዋ ናት፤ እሷ ስትቆም ቁርሳችን ይቆማል። ራዲያተሯ ውሃ ይጨርሳል፣ ጭሷ ነጭ ሆኗል፣ የዘይት መለኪያዋን ሲመዙት ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ይሄን ያየ መካኒክ ሁለተኛ አያይም፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፣ ብሎክ ደግሞ አካሉ፤ ጓርኒሲዮኑ በሁለቱ መሃል የሚገባ ስስ ነገር ነው። እሳትን፣ ውሃንና ዘይትን፣ ሦስት ጠበኛ ጎረቤቶችን፣ እየለየ በአንድ ቤት የሚያኖር እሱ ነው። እሱ ከተበሳ ሁሉም እርስ በርሱ ይገባባል።

ባለጋራዡ ወንድሜን ጠራው። መስኮቴ አጠገብ ቆመው ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ይቺን አንተ ትሠራታለህ» አለው። «ግን በቶርክ ሬንች።»

«እኔ?»

«አንተ። ስማኝ፣ አብረን ነው ያደግነው፣ ክፉ ልሆንብህ አልፈልግም። ሁለት መኪና ተመልሶብኛል። ይቺም ከተመለሰች ቁልፍ አትይዝም። በሩን ትጠብቅልኛለህ፣ ዕድሜ ልክህን እዚሁ ትኖራለህ፣ ሞተር ግን አትነካም።»

ወንድሜ እኔ ሱቅ ገባና የዘይት ጣሳ ላይ ተቀመጠ።

«ሰማሽ አይደል?»

«ሰማሁ።»

«በር ጠብቅ አለኝ።»

«በቶርክ ሬንች ሥራ ነው ያለህ» አልኩት። «የሚከብደውን ብቻ አትስማ። ጋሼ፣ በሞቴ። ቀጭ ሲል ታቆማለህ፣ በቃ። ዕውቀቱ እኮ ያው ያንተ ነው። መሣሪያው እጅህን ነው የሚተካው፣ ጭንቅላትህን አይደለም።»

የቃጠሎው ጠባሳ ያለበትን እጁን ሲያየው ቆየ። «እሺ» አለ በመጨረሻ። እሺ ያለኝ በሕይወቱ ስንት ጊዜ እንደሆነ ብቆጥር ጣቶቼ ይተርፉኛል። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ወዲያው የጓርኒሲዮኑን ካርቶን ከመደርደሪያ አወረድኩ።

ቴስታታው ተፈቶ ቶርኖ ቤት ሄደ፤ ፊቱ ተስተካክሎ ተመለሰ። የመግጠሚያው ቀን ደረሰ። ወንድሜ ያን ቀን አርፍዶ መጣ፤ አርፍዶ አያውቅም ነበር።

«ድንቢጥ ናት ያቆየችኝ» አለኝ ቱታውን እየቆለፈ። «አልነሳም፣ ቁርስ አልበላም ብላ አኩርፋለች። እናቷ ትኩሳት ይሆን እንዴ ብላ ከሥራ ልትቀር ነበር። ነክቼ አየኋት፣ ደህና ናት፣ ሂጂ ሥራሽን አልኳት። ለጎረቤት ሰጥተናት ወጣን።»

«አንተ ነህ ያሞላቀቅካት» አልኩት። ቀልቤ ሁሉ ሞተሩ ላይ ነበር፤ የእሱም።

ሥራውን ሲጀምር አማረበት። የብሎኩን ፊት በምላጭ ፍቆ፣ በቤንዚን አጥቦ፣ እንደ መስተዋት አደረገው። ቴስታታው ሲነሳ ብሎኩ ውስጥ የቀረው ውሃ የብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባል፤ ያ ውሃ መድረቅ አለበት። ወትሮ በኮምፕረሰር ንፋስ ነው የሚነፋው። ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ኮምፕረሰሩ ቆሟል። «ያለ ኮምፕረሰር ስንሠራ አልነበር ወይ የኖርነው!» አለ ወንድሜ። ቀጭን ካቻቢቴ ላይ ጨርቅ ጠቀለለ፣ ቀዳዳው ውስጥ ከተተ፣ አዞረ፣ አወጣ። ጨርቁን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሸው፣ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ተከለ።

«ደረቅ» አለ።

የጋራዥ ጨርቅ ጥቁር ነው፤ ግራሶ ስለጠገበ እርጥቡን ከደረቁ በዓይን አትለየውም። ለዚህ ነው መካኒኮቹ ሁሉ በጣታቸው የሚያዩት፤ ይሄንንም ያስተማራቸው እሱ ነው። ወደሚቀጥለው ቀዳዳ አለፈ። «ደረቅ።» ወደሚቀጥለው። «ደረቅ።» ድምፁ የድሮው ድምፁ ነበር። መስኮቴ ላይ ተደግፌ ስሰማው አንድም ነገር አልከነከነኝም። የሁላችንም ፍርሃት ማጥበቁ ላይ ነበር፤ ማጥበቁን ደግሞ መሣሪያው ተረክቦልናል። ጨርቅ ማሸትን ማን ሥራ ብሎ ይቆጥረዋል?

ጓርኒሲዮኑ ገባ፣ ቴስታታው ተጫነ። ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር እየተዞረ ነው የሚታሰሩት፤ መጀመሪያ ላላ፣ ከዚያ ጠበቅ፣ መጨረሻ ላይ ልኩ። ባለጋራዡ ራሱ ቶርክ ሬንቹን አምጥቶ ሰጠው። ሰዉ ሥራውን ጥሎ ከበበ። ሚዛን ሚዛን ይዞ ሲሠራ ማየት ሰርግ ሆነላቸው። ወንድሜ ፊቱ ቀላ፣ ግን አንገቱን ደፍቶ ሳበ። ቀጭ። ቀጣዩ፤ ቀጭ። «እንዴት ነው ሚዛን፣ ተማርክ?» አለ አንዱ። ሳቁ። እሱም ሳቀ። እውነቴን ነው፣ እሱም ሳቀ፤ የቀለለው ይመስል ነበር።

የመጨረሻው ዙር ላይ፣ ጥግ ያለው ብሎን ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

«ይሄ ቶሎ ቀጭ አለ» አለ። «ከሌሎቹ ቀድሞ።»

«አሁንም ከመሣሪያው ጋር ልትከራከር?» አለው ባለጋራዡ።

ወንድሜ ትንሽ አመነታ። የድሮው ሚዛን ቢሆን ቁልፉን ወርውሮ ብሎኑን ፈትቶ ያየው ነበር። አሁን ግን በእጁ አይተማመንም፤ ያላመነው እጁ የነገረውን እንዴት ይመን? ለዚህ ለዚህ ነው መሣሪያ የያዘው። «ልክ ነህ» አለና ጨረሰው። የሆነች ትንሽ ድምፅ ተሰማች፤ ጢቅ የምትል። የመሣሪያው ናት ብለን አለፍናት።

ውሃ ተሞላ፣ ሞተሩ ተነሳ። ገና በመጀመሪያው። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ጭሱ ንጹሕ ነበር። አጨበጨቡ። ባለጋራዡ ወንድሜን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እኔ መስኮቴ ላይ ሆኜ እንባዬን በመዳፌ ጠረግሁ፤ ሞኝ ነኝ፣ ለደስታ ሁሌም እቸኩላለሁ።

ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ቆይተው ነው ያዩት። ብሎኩ ጎን፣ ከጥግኛው ብሎን በታች፣ ብረቱ አልቦታል። ጠረጉት። እንደገና አላበው። ባትሪ አብርተው ጎንበስ ብለው ሲያዩ ፀጉር የምታክል መስመር ከላይ ወደ ታች ወርዳለች። ውሃው በእሷ ነው የሚወጣው።

ብሎኩ ተሰንጥቋል። ብሎክ ከተሰነጠቀ ሞተሩ ሞተ ማለት ነው።

ባለጋራዡ ሞተሩን አጠፋ። ጥግኛውን ብሎን ፈታና አወጣው። ከጥርሱ ላይ ውሃ ጠብ አለ። ንጹሕ ጨርቅ አስገብቶ አወጣ፤ ጨርቁ ርሷል። ሁሉም ገባቸው። ቀዳዳው ታች ድፍን ነው፤ ውሃ ካለበት ብሎኑ ሲወርድበት መሄጃ ያጣል፣ ተጨመቅ ቢሉት ደግሞ አይጨመቅም። ብሎኑን ያደነደነው፣ ቶርክ ሬንቹን ያታለለው እሱ ነው። ብረቱን ሰንጥቆ ወጣ።

«ደረቅ ነው ብለህ ነበር» አለ ባለጋራዡ። ቢጮኽበት ይሻል ነበር። በቀስታ ነው የተናገረው።

ወንድሜ ሰዉን አልፎ እኔ ሱቅ ገባ። በሩን ከኋላው ዘጋ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሁለት ጨርቅ አምጪ» አለኝ። «አዲስ። አንዱን ውሃ ንከሪና ጨምቂው።»

«ጋሼ፣ ተው እባክህ።»

«አምጪ አልኩሽ!»

አመጣሁ። አንዱን ባልዲ ውስጥ ነክሬ ጨመቅሁት። ዓይኑን ጨፈነና ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋልኝ። በእያንዳንዱ እጁ አንዳንድ ጨርቅ አኖርኩ። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አሸ፣ ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ። ዓይኑ ተጨፍኖም ፊቱ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። በልቤ በቀኝህ ያለው ነው በል፣ በቀኝህ ያለው ነው በል እላለሁ፤ የምጸልይ ሰው አይደለሁም፣ ያኔ ግን ጸለይኩ።

«ደረቁ ይሄ ነው» አለና ግራ እጁን ከፍ አደረገ።

እርጥቡ ነበር።

መዋሸት ፈልጌ ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን ዓይኑን ገልጦ ጨርቁን ሳይሆን ፊቴን አየ፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ፊቴ ላይ ነው የሚያነብብኝ። ጨርቆቹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ያለቅሳል ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀሰም። ቀኝ እጁን አንስቶ የራሱ ግንባር ላይ አኖረው። አንስቶ አየው። እንደገና አኖረው። ከዚያ ከንፈሩ ሲነጣ አየሁ።

«ድንቢጥ» አለ።

መጀመሪያ አልገባኝም።

«ጠዋት ነካኋት። ደህና ናት አልኩ።» መዳፉን ገልብጦ አሳየኝ። «በዚህ እጅ ነው የነካኋት።»

ሱቁን ሳልዘጋ ወጣን። ቤታቸው ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ግን አላልቅ አለ። ወንድሜ እግሩም ስለደነዘዘ ሲሮጥ ይደነቃቀፋል፤ ሁለቴ ወደቀ፣ ሁለቴም «አትጠብቂኝ፣ ሂጂ!» እያለ ጮኸብኝ። ጥዬው ሮጥኩ።

ጎረቤትየዋ በር ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች። ስታየኝ አልደነገጠችም።

«ድንቢጥስ?»

«ተኝታለች። ቀኑን ሙሉ ተኝታ ዋለች የኔ እናት። ሚዛን ደህና ናት ስላሉኝ እንቅልፍ ነው ብዬ አልቀሰቀስኳትም።»

ገብቼ ግንባሯን ነካሁ። እጄን መልሼ አነሳሁት፤ እሳት ናት። ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ ግማሽ ተከፍቶ ነጩ ይታያል። ስጠራት አትሰማኝም። አቀፍኳትና ስወጣ ወንድሜ ግድግዳ ተደግፎ እያለከለከ በሩ ላይ ደርሷል። እጁን ዘረጋ። መሃል ላይ አቆመው። አልነካትም።

«ትኩስ ናት?» አለኝ።

ስንት እናት ልጇን አቅፋ እየመጣች ይሄን ጥያቄ ጠይቃዋለች። «ትኩስ ናት፣ ጋሼ» አልኩት። ድምፄን ማለስለስ ሞክሬ ነበር፤ አልተሳካልኝም።

ድንቢጥ ዳነች። ሐኪም ቤት ከረመች፣ ከሳች፣ ፀጉሯ ሳሳ፣ ግን ዳነች። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አሉን፤ ወንድሜ ይሄን ሲሰማ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠና ከዚያ አልገባም ማለት ጀመረ። እናቷ አባቷን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችውም። አንድ ማታ ግን ከሥራ ስትመለስ ቴርሞሜትር ገዝታ ገባችና ቁምሳጥኑ ላይ አኖረችው። እሱም አየው።

ስለ ድንቢጥ የምነግረው ሁሉም ሰው «እንኳን ተረፈች» ይለኛል። እንኳን ተረፈች፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ወንድሜ ግን አልተረፈም፣ ይሄን የሚጠይቀኝ የለም።

አሁን የጋራዡን በር ይጠብቃል። ባለጋራዡ ወንበር ከነትራሱ ሰጥቶታል፣ ዝናብ እንዳያገኘው ቆርቆሮ መትቶለታል፤ ክፉ ሰው አይደለም። መኪና ሲመጣ ይከፍታል፣ ሲወጣ ይዘጋል። ድሮ ገና ከመንገድ ማዶ የሞተር ድምፅ ሰምቶ «ያቺ ካንዴላ ትፈልጋለች» ብሎ የሚጮኸው ሰው፣ ዛሬ አጠገቡ ሞተር እያንገራገረ ቢያልፍ ቀና አይልም። ጆሮው እኮ ደህና ነው። ብነግረው፣ «እጄም ደህና ነው ብዬ ነበር» አለኝ። እጆቹን ኪሱ ከቷቸው ነው የሚውለው፤ በር መክፈት ሲኖርበት ብቻ ነው የሚያወጣቸው። አዲስ የመጡት መካኒኮች አሁንም ሚዛን ይሉታል፤ ስሙ ከየት እንደመጣ አያውቁም፣ የታፔላ ጽሑፍ እንደሚያነብ ሰው ይጠሩታል።

ባለፈው ድንቢጥን ይዣት ሱቅ መጣሁ። አሁን አገግማለች፣ አፏም ተመልሷል። አያቷን በሩ ላይ ስታየው እጇን ከእጄ መንጭቃ ሮጠች። ፊቱ ቆመችና ሳትጠይቀው ቀኝ እጁን ከኪሱ ጎትታ አወጣች። ግንባሯ ላይ ለጠፈችው።

«አባባ፣ ደህና ነኝ?»

እጁን ሊነጥቃት ፈለገ፣ ግን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ከልማድ የተነሳ ዓይኑን ወደ ላይ አነሳ። ቆየ። ይፈልጋል፤ ከጣቶቹ የሆነ ነገር እስኪመጣለት ይጠብቃል። እኔም አብሬው ጠበቅሁ።

«እንጃ ልጄ» አለ። «እሷን ጠይቂያት።»

ድንቢጥ ወደ እኔ ዞረች። ግንባሯን ነካኋት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ደህና ናት አልኩት። እሺ አለና እጁን ወደ ኪሱ መለሰ፤ መኪና መጥቶ ጡሩንባ ሲነፋ እንደገና አውጥቶ በሩን ከፈተ።